አባቴን በአምስት መቶ ካሬ

«እኔ ዘመናዊ ነኝ» የሚል ሰው ሳይ ፈገግ እላለሁ። የደግ ሰው ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ ንቀት ነው። ከሁሉም አብልጬ የምንቀው ዘመናዊ ግን ያኔ የነበርኩትን እኔን ነው። ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጥራል፣ ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶውን እያማሰለ ስለማያውቀው ነገር ለማያውቀው ሰው ያስረዳል። ምን ያህል ገልቱ እንደነበር ዛሬ ልንገራችሁ። እህቴ አስካለ ከምትነግራችሁ እኔው ብናዘዝ ይሻለኛል፤ እሷ ስታወራው ጨው ብቻ ሳይሆን በርበሬም ትጨምርበታለች።

አባቴ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ ላይ የስፌት መኪና ይጠግን ነበር። በዕድሜው ፎቶ የተነሣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሠርጉን አይጥ በላው። ሁለተኛውን ቀበሌ ለመታወቂያ ሲል በግድ አስነሣው። «ፎቶ የሚያስፈልገው ለሚጠፋ ሰው ነው፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» ይል ነበር። ሄደ።

ከሞተ አሥር ወር ገደማ ሲሆነው፣ እናቴ ምስር እየለቀመች ሳለ ቀና ብላ «መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። የማን መልክ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ድምፁ አለ። ሳሉ አለ። በር ሲከፍት አረማመዱ ሁሉ አለ። ፊቱን ልይ ስል ግን ይበተንብኛል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ያቺን የመታወቂያ ፎቶ በትልቁ አሠሩልኝ። ለእንግዳ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔ ግን አንጀቴን በላችው፤ የዚያኑ ዕለት ምዬ ተነሣሁ። ጥፋቱም የጀመረው ከዚያች መሐላ ነው።

ከመታወቂያው ላይ የተላጠችው ፎቶ ከክብሪት ቤት አትበልጥም። በዚያ ላይ የቀበሌው ማኅተም ልክ አገጩ ላይ ተደፍቶበታል። ከከንፈሩ በታች ያለው አባቴ ሁሉ ሐምራዊ ቀለም ነው። በዓለም ላይ ያለችው የአባቴ ፎቶ እንግዲህ ይቺ ናት፤ ቅጂ የላት፣ ፊልም የላት።

አስካለ ታላቄ ናት። ትልቅነቷ በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በአስተዛዘብም ነው። «ነገ ጋሽ በላቸው ጋ እንውሰደው» አለች።

ጋሽ በላቸው ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት የነበረው ሽማግሌ ነው። ሙያው ሪቱሽ ነው። ትንሿን ፎቶ መልሶ ፎቶ ያነሣታል፣ ያሳድጋታል፣ ከዚያ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ፊቱን «ያስተካክለዋል»። ያስተካክለዋል የሚለው የሱ ቃል ነው፤ እኔ ብሆን ይተኩሰዋል እል ነበር። ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ጠባሳው ይጠፋል፣ ኪንታሮቱ ይጠፋል። መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ደንበኞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ያው የቀላ ጉንጭ፣ ያው ጥርስ የማያሳይ ፈገግታ። ለአብዮት በዓል የሚሰቀሉትን ሦስቱን ጢማሞች እንዲሥል ቀበሌው ቢያዘው፣ ግንባራቸውን ተኩሶ፣ ጉንጫቸውን አቅልቶ፣ ሦስት ሙሽራ አድርጎ አወጣቸው ተብሎ አራዳ ሙሉ ስቋል።

«እሱ ጋ ሄዶ አባባ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይመለሳል» አልኳት።

«አንተስ የት ልትወስደው ነው?»

«ኮምፒዩተር ላይ ነው የማሠራው።»

«እሱ አባባን የት ያውቀዋል?»

ሳቅኩባት። እንዴት አድርጌ እንደሳቅኩባት አስታውሳለሁ፤ ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ወይ ፋራ» ብዬ። ያንን ሳቅ ዛሬ የሚገዛኝ ባገኝ በነጻ እሰጠዋለሁ።

ዘሪሁን የሚባል የአፍንጮ በር ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ክፍሉ ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመስለው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ለማሽኑ ጤና ሲባል ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል። ዘሪሁን ነጭ ጋውን ለብሶ በተቀደደ ካልሲ ሲንጎራደድ ያየ ሰው ሐኪም ነው ብሎ እጁን ይዘረጋለታል።

ነገሩን ስነግረው ደረቱን ነፋ። «የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁጥር ተንቀጥቅጦ ያውቃል?» አለኝ። ቁጥር ሲንቀጠቀጥ ስላላየሁ ተስማማሁ።

እኔ ፎቶውን በዚህ ጎን ስናጎርሰው፣ በዚያ ጎን አባቴ አድጎ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ማሽኑ ዓይን የለውም። ዘሪሁን እንዳስረዳኝ፣ ፎቶውን በመስመር ከፋፍለን አምስት መቶ ካሬ እናወጣለን። እያንዳንዷን ካሬ እያየን በጥቁረቷ ልክ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ነጥብ እንሰጣለን። ቁጥሮቹን እናስገባለን። ማሽኑ በየቁጥሩ ፈንታ ለጨለማው ወፍራም ፊደል፣ ለብርሃኑ ቀጭን ነጥብ እየመታ በትልቅ ወረቀት ያትማል።

«ታዲያ ሥራውን የምንሠራው እኛው ነን ማለት ነዋ?» አልኩት።

«እኛ ነን። ግን የኮምፒዩተር ሥራ ነው።»

ይህ መልስ አጠገበኝ። ልብ በሉ፤ አጠገበኝ!

አሁን የማወራላችሁን ነገር ተቀምጣችሁ ስሙኝ። መስመሩን የት ላይ ያሠመርነው ይመስላችኋል? ጤነኛ ሰው ቢሆን ግልጥ ላስቲክ ፎቶው ላይ ዘርግቶ፣ ላስቲኩ ላይ ያሠምራል። ይህን ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ አንድ የንድፍ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ሲነግረኝ ነው፤ ያንን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም። እኛ፣ ሁለት የተማርን ሰዎች፣ በዓለም ላይ ያለችውን አንዲት የአባቴን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አጋደምናት። ዘሪሁን ማስመሪያውን ያዘ። እስክርቢቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሃያ ወደ ታች፣ ሃያ አምስት ወደ ጎን። ቀለሙ እምቢ ሲለኝ ጫፉን በምራቄ እያራስኩ፣ ጫን እያደረግኩ፣ ምላሴን ወደ ውጭ አውጥቼ አሠመርኩ። ስጨርስ ከፍ አድርጌ አየሁትና «ንጹሕ ሥራ» አልኩ። በገዛ አፌ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ነጥብ ስንሰጥ ከረምን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያለቀው በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ነው። ዘሪሁን ሰባት ነው ይላል፤ እኔ ዘጠኝ ነው እላለሁ።

«የአባቴን አፍንጫ ከኔ በላይ አንተ ልታውቅ ነው?»

«ስሜት አታስገባ፤ ይህ መረጃ ነው።»

በስምንት ታረቅን። ግንባሩን ሁለትና ሦስት ሰጠነው፤ ቅንድቡ ዘጠኝ በዘጠኝ ሆነ። ማኅተሙ ያረፈበት አገጭ ላይ ስንደርስ እስክርቢቶዬ ቆመ። «ይሄን ምን እንበለው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ዘሪሁን ትንሽ አሰብ አደረገና «አምስት እንበለው፤ አማካይ ነው» አለኝ። በዚህ ዓይነት አባቴ፣ ሰው ሁሉ በቁመቱና በዝምታው የሚያውቀው ሰውዬ፣ ከሞተ በኋላ አማካይ አገጭ ወጣለት።

የሚታተምበት ቀን ደረሰ። ማተሚያው እንደ እህል ወፍጮ አገሩን አናጋው። ጠርዝና ጠርዙ የተበሳሳ ረጅም ወረቀት ወጣ፤ ፊደል በፊደል ላይ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ቁና ቁና እየተነፈስን ቆምን። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ አለፍ ስትል ቆም አለችና «ለአልጋ ልብስ ነው? ጥለቱ ያምራል» አለች።

«ከሩቅ ነው የሚታየው» አለ ዘሪሁን ፊቱ ቀልቶ። ወደ ኋላ ሄድን፤ ኮሪደሩ እስኪያልቅ። ዓይናችንን ጨፈን አድርገን ስናየው በእውነት ሰው ይመስላል። የቱን ሰው እንደሚመስል ግን ማሽኑ አልነገረንም። እኔ «ቁርጥ አባቴ!» ብዬ ዘሪሁንን አቀፍኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

እንደተቃቀፍን የክፍሉ ኃላፊ መጣ። ስብሰባ የማያመልጠው፣ ሳቅ የማይገኝበት ሰው ነው።

«ይሄ ማነው?»

«አባቴ ናቸው፣ ጓድ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው?»

«ሞተዋል፣ ጓድ።»

«ሞተው እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ኃላፊው ከእጄ የቁጥሩን ወረቀት ተቀበለኝና ፊቱ ጠቆረ። አምስት መቶ ቁጥር፣ ያለ አርዕስት፣ ያለ ማብራሪያ፣ በእጅ ተጽፎ፣ በዚያ ዘመን! ሰው በስንት ያነሰ ነገር እንደሚጠየቅ የነበረ ያውቀዋል። 

«ይሄስ ምስጢር ለማን ነው የሚላከው?»

«አፍንጫቸው ነው፣ ጓድ።»

«የቱ ነው አፍንጫቸው?»

«ከአሥራ ሁለተኛው መስመር ይጀምራል።»

ኃላፊው አሥራ ሁለተኛውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስምንት፣ አራት…» የአባቱ አፍንጫ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወረቀቱንም፣ ግድግዳው ላይ ያለውንም ጠቀለለና «ይጣራል» ብሎ ይዞት ሄደ። በዚያ ዘመን ይጣራል የተባለ ነገር ተጣርቶ ሲመለስ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። እኛስ ተመስገን ነው፤ ዘሪሁን ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ እኔ ያን ግቢ ዳግመኛ እንዳልረግጥ ተነግሮኝ በሰላም ወጣን።

ኪሴ ውስጥ የቀረችኝ ፎቶዋ ብቻ ነች። ቤት ገብቼ ኮቴን ስሰቅል አስካለ «ወዲህ በላት» ብላ ከኪሴ አወጣቻት። አየቻት። መስኮት ጋ ወስዳ ደግማ አየቻት።

«አባባን አሰራችሁት!» አለች።

እስከዚያች ሰዓት አልታየኝም ነበር። እውነቷን ነው። ወደ ታች ሃያ ብረት፣ ወደ ጎን ሃያ አምስት ብረት፤ አባቴ ከኋላው ቆሞ ያየኛል። ሰው ሁሉ በየተራው ሲገባ ሲወጣ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ሌሊት እንኳ ሳይታሰር ያለፈ ብርቅ ሰው ነበር። ልጁ አሰረው።  አስካለ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሙት ዓመቱ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እማዬ በየቀኑ ደረሰ ወይ ትለኛለች። አሁን ይቺም ከጠፋች ምን ልትይዝ ነው?» ብላ ፎቶዋን በመሐረብ ጠቀለለቻት።

በማግስቱ ተያይዘን ጋሽ በላቸው ጋ ወረድን። ሽማግሌው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ፎቶዋን አገላበጠ።

«ማነው ያሠመረው?»

«ኮምፒዩተር ነው» አልኩ። እንግዲህ ምን ልበል?

«ኮምፒዩተር እስክርቢቶውን በምራቁ ያርሳል እንዴ?»

አስካለ ወደ ጣሪያው አየች። እኔ ወደ ጫማዬ። ጋሽ በላቸው ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ አንድ ባዶ የእንጨት ፍሬም አወረደና ፊቴ ላይ ደገነው፤ ጥቁር ክር ወደ ታችም ወደ ጎንም ተወጥሮበታል፣ ካሬ በካሬ። «ትልቅ ሥዕል ስሠራ እኔም እንዳንተ እከፋፍላለሁ። ሰላሳ ዓመት ከፋፍያለሁ። የኔ ክር ግን ይነሣል» አለኝና ፍሬሙን መልሶ ሰቀለው። ያ ስንት ዘመን የቀለድኩበት ሰውዬ እንዲህ ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እምቢ አልልም ነበር።

መስመሩን አንድ በአንድ በብሩሽ እንደሚያጠፋው ተናገረ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አያቅተውም። ያስቸገረው አገጩ ነው። «ከማኅተሙ ሥር ያለውን እኔ አላየሁም። ስንገናኝም ባርኔጣ ያነሣልኝና ያልፋል፤ አገጭ አልመረመርኩም። እናንተ ልጆቹ ናችሁ፤ እንዴት ያለ ነበር?»

«ሾል ያለ» አለች አስካለ።

«ክብ ነው እንጂ» አልኩ።

«የቱ ክብ? የራስህን መስሎህ ነው!»

«አንቺ ደግሞ አክስታችንን ነው የምታወሪው!»

በአባታችን አገጭ ምክንያት በሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ተጯጯህን። ሁለታችንም እንደማናውቀው የገባኝ እዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ገበታ ላይ በልተን፣ አገጩን አላየንም። ጋሽ በላቸው በብሩሹ ጀርባ ጠረጴዛውን መታ። «ሂዱ፤ እናታችሁን አምጡልኝ» አለ።

እናቴን እየደገፍኳት ቁልቁለቱን ስወርድ ስለ መስመሩ ልነግራት አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ አሥር ጊዜ ዘጋሁ። ገብታ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጋሽ በላቸው ፎቶዋን አስያዛት።  እናቴ ብረቶቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

 እኔ አፈር ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ወረቀትና ከሰል አነሣ።

«እመቤቴ፣ እናስፈታቸዋለን። እርስዎ አገጫቸውን ይንገሩኝ።»

«አላስታውሰውም እኮ፣ የኔ ወንድም። ለዚህ አይደል ያስቸገርኳችሁ?»

«ግድ የለም። ሲቆጡ እንዴት ይሆን ነበር?»

«ሲቆጣ? ሲቆጣ ዝም ነው የሚለው። እዚህ ጋ…» ጣቷን ከንፈሯ ሥር አሳረፈች። «እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል።»

ጋሽ በላቸው ሣለ። «እንዲህ?»

«አይ፣ ይሄ በዛ። ክፉ ሰው አስመሰልከው።»

አጠፋ። ደግሞ ሣለ። «ሲስቁስ?»

«ሲስቅማ አገጩን ወደ ጉሮሮው ይደብቀዋል፤ ሳቁ እንዳይታወቅበት። እንዲህ።» አለችና እናቴ የራሷን አገጭ ወደ ውስጥ ሳበችው፤ በእናቴ ፊት ላይ አባቴን አየሁት። አስካለ በመሐረቡ አፏን ያዘች። ሽማግሌው ይጠይቃል፣ እናቴ ታርማለች፣ ያጠፋል፣ ይሥላል። ሲያኝክ፣ ሲተኛ፣ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር ሲያስገባ። አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ፊት በቁጥር ስሞላ፣ ለአንድ ካሬ እንኳ ብዬ እናቴን አልጠየቅኳትም። ጊዜ አጥቼ እንዳይመስላችሁ፤ ምን ታውቃለች ብዬ ነው።

«ቆይ!» አለች ድንገት። «እዚህ፣ አገጩ ሥር፣ በግራ በኩል አንዲት ጠጉር ነበረች። ምላጭ አያገኛትም፤ ሁልጊዜ ትቀራለች። እሷን ሥራልኝ።»

ጋሽ በላቸው ከሰሉን አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ እኔ ጠጉር አጥፊ ነኝ። ሰላሳ ዓመት የሰው ጠጉር ሳጠፋ ነው የኖርኩት። ጢም ይሁን ካሉኝ ሙሉ ጢም እሠራለሁ። አንዲት ጠጉር ብሠራ ሰው ብሩሹ አምልጦት ነው ይለኛል።»

«ይበልሃ!»

«ስሜ ይጠፋል።»

«የኔ ሰው ከሚጠፋ ያንተ ስም ይጥፋ።»

ሽማግሌው አንገቱን አከከ።  «እንግዲያው ከረባት ይፍቀዱልኝ» አለ። «ጠጉሯን እሠራለሁ፤ ከረባት ግን አደርግላቸዋለሁ። ቢያንስ ሰው ሥራዬን ይወቀው።»

አባቴ ከረባት አስሮ አያውቅም። ጣልቃ ልገባ ስል አስካለ እግሬን ረገጠችኝ። እናቴ «አድርግለት» አለች።

በሙት ዓመቱ ቀን ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ዋለ። ብረት የለ፣ ማኅተም የለ። ጉንጩ ቀልቷል፤ ያለሱ የሽማግሌው እጅ አይሆንም። ባለ መስመር ሰማያዊ ከረባት አንገቱን ጠፍሮታል። ከከረባቱ ቋጠሮ ትንሽ ከፍ ብላ፣ አገጩ ሥር በግራ በኩል፣ አንዲት ጠጉር ቆማለች። አንድ የሩቅ ዘመዳችን እንጀራውን እየጠቀለለ ቀና አለና «ጋሼ ከረባት ያስሩ ነበር እንዴ?» አለ።

«ከሞተ ወዲህ ነው የጀመረው» አለችው እናቴ ወጥ እየጨመረችለት።

እንግዶቹ ተሸኝተው እኔና አስካለ አግዳሚ ወንበር ስንመልስ ከውስጥ ድምፅ ሰማን። በበሩ አየሁ። እናቴ ሥዕሉ ሥር ቆማለች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ከፍ ያላደረገች ሴት፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የሌላኛውን ጣት ወደዚያች አንዲት ጠጉር ቀስራ ተቆጥታለች።

«አሁንም ትተሃት መጣህ? ከረባት አስረህ እንኳ ይቺን አትላጭም?»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብላ ቆመች።